ከሲታ ናት ብዬ የጻፍኩላት ባዝራ

ዩኒቨርሲቲ የገባሁት በአርባ ስምንት ዓመቴ ነው። በስደት በምኖርበት አገር፣ ዲፕስሉት በሚባል ሰፈር ሱቅ አለኝ። ቢዝነስ ልማር ብዬ ተመዘገብኩና ከዋናው ጎን የሚወሰድ ማይነር ምረጥ ሲሉኝ የፈረስ ሳይንስን መረጥኩ። አባቴ ቡታጅራ ጋሪ ነጂ ስለነበር ማርኩ በነፃ የሚመጣ መስሎኝ ነው። ሚስቴ ስትሰማ፣ «ሰው ልጁን ዶክተር ያደርጋል፣ አንተ ራስህን ፈረስ ልታደርግ ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ክፍል ውስጥ ካሉት ተማሪዎች ጥርሱ ታይቶ ዕድሜው የሚታወቅ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ለተግባር ትምህርት ከሱቄ ብዙ የማይርቅ የፈረስ ማሳደሪያ ተመደብን፤ ለያንዳንዳችን አንድ ፈረስ። ለእኔ የደረሰችኝ በመጨረሻው ጋጣ ያለች ዳማ ባዝራ ናት። ሥራዬ በየቅዳሜው ማለዳ የብርድ ልብሷን ገልጬ፣ ጎኗን ዳብሼ፣ ውፍረቷን ከአንድ እስከ ዘጠኝ ወረቀት ላይ መሙላት ነው። አንድ ማለት አጥንት ነው፣ ዘጠኝ ማለት በርሜል። ምግቧ የሚመጠነው በዚያ ወረቀት እንደሆነ ነግረውን ነበር አሉ። እኔ ያን ቀን ሱቅ ዕቃ ሳራግፍ ውዬ መጥቼ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ወስዶኛል።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ልብሷን ስገልጠው ገላዋ ያብረቀርቃል። ሰባት ነበረች። እጄ ግን ሰባት ብሎ መጻፍ አቃተው። አባቴ፣ ሰው ፈረሱን «ሲያምር!» ካለበት፣ ቶሎ ብሎ «ኧረ ተወው፣ ሆዱን ያመዋል፣ ሌሊቱን አይበላም» ይል ነበር። ያማረን ከብት በአፍህ ካወጣኸው ዓይን ይበላዋል። በወረቀት ሲሆንስ ማን ያውቃል? ሦስት ብዬ ጻፍኩ። በሚቀጥለውም ሳምንት ሦስት። እንዲህ እያልኩ አንድ ወር ሞላኝ።

በመሃል አንድ ማለዳ ጋማዋ ሁለት ቦታ ተቋጥሮ አገኘሁት። እግር የሚገባበት እርካብ ነው የሚመስለው። ፈትቼው ሄድኩ። በሳምንቱ ስመለስ እንደገና ተቋጥሯል። ፈረሶቹን የሚያበላው የዙሉ ሽማግሌ ይህን ሲያይ ከበሩ ውጭ ቆሞ ቀረ።

«ቶኮሎሼ ነው፣ ማይ ፍሬንድ» አለኝ። ሌሊት ሌሊት እየመጣ ፈረስ የሚጋልብ ድንክ ጋኔን አለ ይላሉ እዚህ።

«ባባ፣ እኔም አጭር ነኝ፤ እኔን እንዳትጠረጥር» አልኩት።

አልሳቀም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባልዲዋን ከደጅ ገፋ አድርጎላት ይሄዳል እንጂ አይገባም።

አምስተኛው ቅዳሜ ውርጭ ነበር። የተቃጠለ ሣር ጭስ ሜዳው ላይ ተኝቷል። ስገባ ሌሎቹ ፈረሶች ድርቆሽ እንኳን አያኝኩም፣ ጭጭ ብለዋል። የእኔዋ ፊቷን ወደ ጥጉ አዙራ ቆማለች። የፊት እግሮቿን ወደ ፊት ዘርግታ፣ ሰውነቷን በሙሉ ወደ ኋላ ጥላ፣ ፊቷ ከቆመ ሰው የምትሸሽ ነው የምትመስለው። ጆሮዎቿ ጥጉ ላይ ተተክለዋል። ጥጉ ላይ ግድግዳ እንጂ ሌላ የለም። ሁለቴ አየሁ። ጋኔን ይመልሳል የሚባለውን የቁርአን አንቀጽ፣ አየተል ኩርሲን፣ ቀራሁ፣ መሃል ላይ ጠፋኝ፣ እንደገና ጀመርኩ። ያልሮጥኩት ጀግና ሆኜ ሳይሆን ወረቀቱን ሳልሞላ ከወጣሁ ማርክ ስለሚጎድልብኝ ነው።

እግሯን ላንሳ ብል አልሰጥ አለችኝ። ኮቴዋን በመዳፌ ያዝኩት። መሬቱ በረዶ ነው፤ ኮቴዋ ግን አሁን እንደተቀዳ ሻይ ይፋጃል። ይህን እንኳን ሳልተኛ ተምሬዋለሁ፤ እህል የበዛበት ፈረስ ኮቴው ውስጥ ይቃጠላል፣ ካልተደረሰለት አጥንቱ ይሰምጣል፣ ከዚያ በመርፌ መገላገል ነው። ባልዲዋን አየሁ። አጃ እስከ አፉ። ከደጅ የቆመውን ሽማግሌ ጠራሁት።

«ባባ፣ ይህን ሁሉ ማን ስጣት አለህ?»

«ወረቀቱ ነዋ። ከሲታ የተባለች በየሳምንቱ ይጨመርላታል። ጽሑፉ ያንተ ነው።»

ሦስቱን ሰባት ማድረግ ይቻል ነበር፤ እስኪሪብቶው ኪሴ ውስጥ ነው። ግን የፈረስ ሐኪሙ ስንት ሳምንት እንደበላች ካላወቀ እንዴት ያድናታል? የፈረስ ሳይንስ ለምታስተምረን መምህር ደወልኩና ሁሉንም ነገርኳት።

«ለምን ዋሸህ?»

«ዓይን እንዳይበላት ነው።»

«የማን ዓይን?»

አሰብኩ። ልብሷን ገልጦ ያያት ሌላ ሰው የለም።

«የእኔ» አልኩ። የገዛ ድምፄ አስፈራኝ።

ማይነሩን ትደግማለህ አለችኝ፤ ሲያንሰኝ ነው። ሐኪሙ መጥቶ እግሮቿን በረዶ ውስጥ አስገባ፣ አጃውን ከለከለ። «እስከ ማክሰኞ እንያት። ተኝታ መነሳት ካቃታት ግን አናሰቃያትም» አለ።

ማክሰኞ ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ። ተኝታለች። ጋማዋ እንደገና ተቋጥሯል። ሽማግሌው የጋጣው ቁልፍ ከእጁ እንዳልወጣ፣ ማንም እንዳልገባ ምሎ ነገረኝ። ሐኪሙ መርፌውን ይዞ መንገድ ላይ ነው። ቋጠሮውን ልፈታ እጄን ዘረጋሁና መለስኩት፤ የማን እንደሆነ በማላውቀው ዕቃ ምን አገባኝ? ደጁ ላይ ቁጭ አልኩ።

ብዙ ቆይታ አንገቷን አነሳች። ያየችው ግን ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ጥጉ ነው። ዓይኗን ሳትነቅል አየችው፤ ፈቃድ እንደሚጠብቅ ሰው። ከዚያ የፊት እግሮቿን ተከለች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ቆመች።

ሽማግሌው ከኋላዬ አጨበጨበ። «አየሃት? እንዴት ያለች ጠንካራ...»

ዘልዬ አፉን በመዳፌ ያዝኩት።