ከአንበሳ የቀማሁት ውርንጭላ

አርባ ምንጭን ከሲቀላ እስከ ሴቻ ብታስሱ ከአንበሳ አፍ ሥጋ ቀምቶ በሕይወት ያለ ሰው ከእኔ በቀር አታገኙም። ይህን ባለፈው ሰሞን ለባጃጅ ሾፌሮች ተናገርኩ። ሲቀላ ተቀምጠን ሻይ ስንጠጣ ከሐይቁ በኩል የመጣ ነፋስ የተቃጠለ ሣር ሽታ አፍንጫዬ ላይ ደፋብኝና አፌ ሳያስፈቅደኝ ተከፈተ። "ጋሼ፣ ስንት ሜትር ላይ ሆነው ነው የቀሟት?" አለኝ አንዱ፣ ስኳሩን እያማሰለ። እውነቱ ከተነገረ በእኔና በአንበሳዋ መካከል ሁለት የኳስ ሜዳ ነበረ፤ የቆምኩት ቆርቆሮ ጣራ ላይ ነው፤ መሣሪያዬም ባዶ የዘይት ጣሳ ነበር። ሾፌሮቹ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁብኝ። እኔን ግን ያ ሽታ ይዞኝ ሄዶ ነበር፣ አሥራ ሁለት ዓመቴ ወደነበረበት ክረምት።

አባቴ የነጭ ሳር ፓርክ ስካውት ነበር። ስካውት ማለት በደርግ ጊዜ አንድ አሮጌ ጠመንጃ፣ አንድ ካኪ ካፖርትና ማለቂያ የሌለው የእግር መንገድ ማለት ነው። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር እኔ ባጠፋሁት እናቴን በሳምንት ሦስት ጊዜ እየጠራ ስላስመረራት፣ ትምህርት ቤት እንደተዘጋ "እንግዲህ ከአውሬዎቹ ጋር ተስማማ" ብላ በፓርኩ ላንድሮቨር ጭና ወደ አባቴ ላከችኝ። መኪናዋ በሁለቱ ሐይቆች መካከል ያለውን ድንጋያማ ጉብታ እያቃሰተች አለፈችና ድንገት ያ ሜዳ ተዘረጋ፤ ነፋስ ሲነካው እንደ ውሃ የሚተኛና የሚነሳ ነጭ ሣር፣ አዲስ ቡቃያ እንዲያወጣ ስካውቶቹ እሳት የለቀቁበት ጥቁር ጥቁር መደብ፣ በላዩም መቶ ይሁኑ ሺህ ቆጥሬ ያልጨረስኳቸው የሜዳ አህዮች፣ ውሻ መሆን ያማረው አህያ በሚመስል ድምፅ እየተጯጯሁ። ትንኞቹ ርግብ ያህሉ ነበር። እሺ፣ ድንቢጥ ያህሉ ነበር።

ጣቢያው አንዲት የቆርቆሮ ቤት፣ አንድ የውሃ በርሜልና አንድ ግራር ነው። ከአባቴ ጋር የሚኖረው ጋሽ ሻንካ የሚባል፣ ከዶርዜ ደጋ የወረደ፣ ዱካን ሰው ጋዜጣ እንደሚያነበው የሚያነብ ሽማግሌ ስካውት ነበር። መሬቱን አንዴ ጎንበስ ብሎ አይቶ፣ ማን እንዳለፈ፣ ሲሮጥ ይሁን ሲያነክስ፣ ጠግቦ ይሁን ተርቦ፣ እንደ ጎረቤት ወሬ ይነግረኛል።

እኔም በበኩሌ የተማረ ሰው ነበርኩ። ክፍላችን ውስጥ ጨቋኝና ተጨቋኝ የሚባለውን ትምህርት ከማንም በላይ የምመልሰው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ሜዳውን ባየሁ በሁለተኛው ቀን መደብ አወጣሁለት። አንበሳ ባላባት ነው፤ ጅብ የባላባቱ ጭቃ ሹም፤ ጥንብ አንሣው አድኃሪ ቀሪ፤ የሜዳ አህያ ሰፊው ሕዝብ። ጋሽ ሻንካ ጠመንጃውን እየወለወለ በትዕግሥት አዳመጠኝና "ሣሩስ?" አለ። "ሣሩ ምንድነው? አህያው ሲበላው ማን ይጮህለታል?" ይህ ጥያቄ መጽሐፋችን ውስጥ አልነበረም። ቀጥሎ ሜዳው ዳር የምታዘግም አንዲት አንበሳ በአገጩ እያሳየኝ፣ በዚያ ወንድና ሴትን እንደ ልቡ በሚያፈራርቅ አማርኛው "ይሄ አንበሳ ሁለት ልጅ አላት። ጎኑን አላየህም? አጥንቷ ይቆጠራል" አለኝ።

አየሁት እንጂ። ግን የባላባት አጥንት ሲቆጠር ማዘን አልተማርንም።

አንድ ጠዋት አባቴ ፊቱን ሲታጠብ፣ አንድ ውርንጭላ የከርከሮ ጉድጓድ ውስጥ እግሩ ገብቶ ወለም አለውና ከመንጋው ወደኋላ ቀረ። እናቱ ትንሽ ትሄዳለች፣ ትቆማለች፣ ዞራ ትጠራዋለች፣ እሱም በሦስት እግሩ እየዘለለ ይከተላታል። ከጥቁሩ መደብ ዳር ደግሞ ሣሩ ነፋስ ሳይኖር ተነቃነቀ። አንበሳዋ ሆዷን ምድር አስነክታ፣ አንዴም ሳትቸኩል ትሳብ ነበር። እንዴት ጣራው ላይ እንደወጣሁ አላውቅም። የዘይቱን ጣሳ በድንጋይ እየደበደብኩ፣ ለመሬት ላራሹ ሰልፍ የወጣሁ ይመስል "ሣር ለጋጩ! ሣር ለጋጩ!" እያልኩ አቀለጥኩት። መንጋው አቧራ ሆኖ ጠፋ፤ እናቲቱም አብራ። አባቴ ፊቱ አረፋ እንደሆነ፣ ሱሪውን በአንድ እጁ፣ ጠመንጃውን በሌላው ይዞ ወጣ። አንበሳዋ ቀና አለችና ጣራውን ለረጅም ጊዜ አየችው። ተቆጥታ ሳይሆን ደክሟት ነበር። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ልጆቿ ወደተደበቁበት ቁጥቋጦ ባዶ አፏን ተመለሰች።

ጋሽ ሻንካ አልሳቀም፣ አልተቆጣም። "ጎሜ ነው" አለ ብቻ። በጋሞ ከሥርዓት የወጣ ነገር ሲሠራ ጎሜ ይሉታል፤ ያጠፋው ሰው ጥፋቱን በሽማግሌ ፊት አፍ አውጥቶ እስኪናገር ድረስ ከብቱም፣ እህሉም፣ ሰውም ደህና አይሆንም ይባላል። እኔ ግን ጀግና ሆኜ ስለነበር አልሰማሁትም። ውርንጭላውን ጎትቼ ግራሩ ሥር በገመድ አሰርኩት፤ የእርዳታ ዱቄት ወተት በጥብጬ በጣቴ አጠባሁት። አፍንጫው እርጥብ ቬልቬት ነበር፤ ሲተኛ አገጩን ጫማዬ ላይ ያሳርፋል፤ እኔም እንዳይነቃ ብዬ ለሰዓታት ሽንቴን ቋጥሬ ቆሜያለሁ።

እናቱ በነጋታው ብቻዋን መጣች። ርቃ ቆማ ጠራችው፣ መለሰላት። አባቴ ማታ አስጠንቅቆ ነገረኝ፤ "እግሩ መርገጥ ጀምሯል። ነገ ጎህ ሲቀድ እኔና ጋሽ ሻንካ ቅኝት ነን። አንተ ከዚህ ንቅንቅ እንዳትል፤ እናቱ ቀረብ ስትል ፍታውና ቤት ግባ። መንጋው ወደ ሐይቁ ሊወርድ ነው፣ ነገ ካለፈ እናቱ ተመልሳ አትመጣም።" "እሺ" አልኩ።

በነጋታው እነሱ ከሄዱ በኋላ ራሽን ያመጣው ላንድሮቨር ወደ ከተማ ሊመለስ ሞተሩን አስነሳ። እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ ጀብዱ የሚሰማኝ ሰው አጥቼ ልፈነዳ ደርሼ ነበር። ደርሼ እመለሳለሁ ብዬ ተሳፈርኩ። ሲቀላ ማንጎ ዛፍ ሥር ጓደኞቼን ሰብስቤ ስተርክ አንበሳዋ ሦስት ሆነች፣ ጣሳው ጦር ሆነ። በቀኝም በግራም ማንጎ እየላጡ አጎረሱኝ። በዚያው መኪና ስመለስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች።

ውርንጭላው ገመዱን ግራሩ ላይ ጠምጥሞ ጠምጥሞ አንገቱ ግንዱ ላይ ተጣብቆ ሞቶ ነበር። ጋሽ ሻንካ ጎንበስ ብሎ መሬቱን አነበበ። የእናቱ ኮቴ ግራሩን ከቦታል፤ ገመዱ እስከሚደርስበት መጥታ፣ ዞራ፣ እንደገና መጥታ፣ ከስንት ዙር በኋላ ወደ ሐይቁ ወርዳለች። አባቴና እሱ ሬሳውን ወደ ሜዳው ጎትተው ጣሉት። አንበሳዋ መጥታ በላች፤ አብሯት የበላው ግን አንድ ደቦል ብቻ ነበር። ሌላውን ከዚያ ወዲህ አላየነውም።

ዛሬ አባቴ የለም። ጋሽ ሻንካም ደጋው ላይ ከተቀበረ ቆይቷል። ሜዳው ላይ የሜዳ አህያው ተመናምኗል፤ አንበሳ ስለመኖሩም ሰው ሲከራከር እሰማለሁ እንጂ ድምፁን ሰማሁ የሚል አላጋጠመኝም። ያኔ ሣሩም፣ በዪውም፣ ተበዪውም በየተራ የሚሞቱበት ሰፊ ቦታ ነበራቸው፤ እኔም መሃላቸው ገብቼ ጣሳ መታሁ።

ይህን ሁሉ ለሾፌሮቹ ነግሬያቸዋለሁ። ያልነገርኳቸው አንድ ነገር አለ። የዚያን ቀን ማታ አባቴ ቀበቶውን ፈትቶ "ለምን አልፈታኸውም?" ሲለኝ "ጋሽ ሻንካ ለቅኝት ሳንወጣ እኔ እፈታዋለሁ ብሎኝ ነው" አልኩ። ሽማግሌው ዓይኔን ዓይኔን አየኝ፤ እንድናገር ጠበቀኝ። ዝም ስል "አዎ፣ ረሳሁ" አለ። አባቴ ዓመት ሙሉ አኮረፈው። ጋሽ ሻንካ እንዲህ ያለ ቃል አልገባልኝም። ዋሽቼ ነው።