ቅቤ የነካው ገበቴ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ከወልድያ በሚኒባስ መጥታ መርሳ ያለው ሥራ ቤቴ በር ላይ ቆመች። በነጠላ የጠቀለለችውን ትልቅ የዋንዛ ገበቴ ፈትታ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው። አፉ በአንድ ወገን አበጥ፣ በሌላው ገባ ያለ ነው። ውስጡ ደርቆ ሻክሯል። እንዲለሰልስና ዘይት እንዲጠጣ እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ቀጥላም፣ "እማዬ አደራ ብላለች፤ ቅቤ እንዳይነካው" አለች።

ሳቄ አመለጠኝ። ልጅቷ ግራ ተጋባች። ገበቴውን ከእሷ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁና ምን ላድርግ።

ገበቴው ሲሠራ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነበር። አባቴ በሀብሩ ገበያዎች ሁሉ የታወቀ ገበቴ ፈልፋይ ነው። ዓይኑ ደከም ሲል ማለስለሱ ወደ እኔ ዞረ። እናቴ ግን እንደ እኩዮቼ ጅዳ እንድሄድ ቆርጣ፣ የፓስፖርት ፎቶ እንኳ አስነስታኛለች። ሴት ልጅ እንጨት ፍቃ የት ትደርሳለች ነው ነገሩ። እኔ መሄዱን አልፈለግኩትም። የእንጨት ሥራ እወዳለሁ ብል ደግሞ ማን ይሰማኛል? በመጨረሻ አባቴ መሃላችን ገብቶ አስታረቀን። ወልድያ ምግብ ቤት ያላቸው እትዬ የሺ ያዘዙትን ገበቴ ብቻዬን ልጨርስ፤ ወደውት ሌላ ካዘዙ እቀራለሁ፣ ካልሆነ እሄዳለሁ።

እንጨቱ ግራና ከምትባለው ከተማ የመጣ ነበር። ትልቅ ጉጥ ስለነበረበት አባቴ ጉጡን እየተከተለ ሲፈለፍለው ቅርጹ ተንጋደደ። እኔ እብጠቱን በሞረድ አውርጄ ላስተካክለው ቃጣኝ። አባቴ እጄን ያዘኝ።

"ጉጡ የእንጨቱ ጉልበት ነው። አለስልሺው እንጂ አታጥፊው።"

ሦስት ቀን በተሰበረ ጠርሙስ ስፍቅ፣ በብርጭቆ ወረቀት ሳሽ ዋልኩ። ጉጡ ጋ ሲደርስ ጠርሙሱ ይንገጫገጫል። ዓይን የማያየውን ሸካራ ጣት ያገኘዋልና ዓይኔን ጨፍኜ እዳስሳለሁ። ከመንገዱ ማዶ የሚሸጠው ብርቱካን ይሸተኛል፣ የየካቲት አቧራ ላቤ ላይ ይለጠፋል፣ እኔ ግን ደስ ብሎኛል። በአራተኛው ቀን እናቴ ካኖረችው ቅቤ ዘግኜ ቀባሁት። በእኛ ቤት አዲስ ገበቴ የሚጠጣው ቅቤ ነው። እንጨቱ ቀላ ብሎ ሲያበራ እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

አባቴ ከመስጊድ ሲመለስ አሸተተውና "ሁዳዴ ሊገባ ሦስት ቀን ቀርቶት?" አለኝ። እትዬ የሺ ገበቴውን ያዘዙት ለጾም ሱፍ ፍትፍት ነበር። ከክርስቲያን ጎረቤት ጋር አንድ አጥር ተጋርቼ፣ ጾማቸውን አብሬ እየቆጠርኩ አድጌ ይህን መርሳቴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለእኔ ነው።

ጅዳ ካልሄድሽ ስትለኝ የከረመችው እናቴ እንኳ ራርታልኝ በሙቅ ውሃ አጥቤ እንድወስደው መከረችኝ፤ ማን ያውቃል ብላ። አባቴ ግን ነገሩን ለእኔ ተወው።

በማግስቱ ገበቴውን ጭኔ ላይ አድርጌ ወልድያ እስክደርስ ልንገር አልንገር ስል ሄድኩ። እትዬ የሺ ገና ሲያዩት እሰይ አሉ፤ እብጠቱን በመዳፋቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት። ወደውታል። ዝም ብል ነገሩ ያልቅ ነበር።

"እትዬ፣ ቅቤ ቀብቼዋለሁ። ለጾም አይሆንዎትም" አልኳቸው።

ትክ ብለው አዩኝ። "ባትነግሪኝ ስንቱን ጿሚ ታስገድፊብኝ ነበር" አሉ። ከዚያ ጓዳ ገብተው ባዶ ጠርሙስ ይዘው ወጡ። "በይ ግቢው ያውልሽ። እንደቀባሽው ፋቂው።"

የፈላ ውሃ እየደፋሁ ስፍቅ ዋልኩ። ቅቤው ጠልቆ ስለነበር እኔም ጠለቅ ብዬ መፋቅ ነበረብኝ፤ ከሥሩ የጉጡ መስመር ክብ ክብ እየሠራ ወጣ። ገበቴው ከፊተኛው ይልቅ አማረ። እስኪደርቅ እሳቸው ዘንድ አደርኩ። የቅበላ ሰሞን ነውና ቤቱ ሥጋ በሥጋ ሆኗል፤ ለእኔ ግን በሌላ ድስት ሽሮ ሠርተው አቀረቡልኝ። እኔ የረሳሁትን እሳቸው ለእኔ አልረሱም። እንባዬ መጣ፣ በርበሬው ነው አልኩ።

በነጋታው አብረን የኑግ ዘይት አጠጣነው። ስሰናበታቸው ሁለት ገበቴ አዘዙኝ። የፓስፖርቱን ፎቶ እናቴ ራሷ ሥራ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጠፈችው፤ ቢደበዝዝም ዛሬም አለ።

አሁን ልጅቷን እናቷ እትዬ የሺ እንዴት ስሜን እንዳስታወሱ ጠየቅኳት።

"ስምዎትንማ ረስታዋለች፤ ዛሬ ዛሬ ስም አይዝላትም" አለችኝ። "'መርሳ ሂጂና ቅቤ የቀባችውን ልጅ ፈልጊ፤ እሷ ብታበላሸው ትነግርሻለች' ነው ያለችኝ።"

በዕድሜዬ ስለ ሥራዬ ብዙ ተመስግኛለሁ። እንዲህ አድርጎ ግን ያመሰገነኝ የለም። እብጠቱን ዳሰስኩትና ጠርሙስ ፍለጋ ተነሳሁ።