የእትዬ ሞኒተር

ሰቆጣ ውስጥ በአንድ የኪነት ቡድን የድምፅ ባለሙያ ነኝ። ባለሙያ የሚባለው ደብዳቤ ላይ ነው፤ ጓደኞቼ «ገመድ ጎታች» ነው የሚሉኝ። ሥራዬ ሕዝቡ ሞንታርቦ የሚላቸውን ትልልቅ ድምፅ ማጉያዎች ማቆም፣ ማይክ ማከፋፈል፣ ከዚያ የድምፅ መቆጣጠሪያው ሚክሰር ኋላ ተቀምጦ መሰደብ ነው። ድምፁ ሲያምር ዘፋኟ ትመሰገናለች፤ ሲበላሽ ሁሉም ዞሮ እኔን ያያል።

ከዕቃዎቻችን ሁሉ ያረጀው ሞኒተሩ ነበር። ሞኒተር መድረኩ ወለል ላይ፣ ፊቱ ሰያፍ ሆኖ ወደ ዘፋኙ ተንጋሎ የሚቀመጥ ሳጥን ነው። ትልልቆቹ ለሕዝቡ ይጮኻሉ፤ እሱ ግን ለዘፋኙ የገዛ ድምፁን መልሶ ያሰማዋል። ድሮ ሁለት ነበሩን። አንዱን ለመጠገን ሌላውን እየፈታሁ ስለጨረስኩት አንድ ቀረ።

በዚያ በቀረው ፊት የምትቆመው እትዬ ናት። ደሃና ተወልዳ ሰቆጣ ያረጀች (አረጀች ማለቴን ብትሰማ ትጣላኛለች)፣ በአማርኛም በኽምጥኛም የምትዘፍን፣ የቡድናችን ዋና ድምፅ። በዕድሜ ብዙ ስለምትበልጠኝ መጀመሪያ አንቱ እላት ነበር፤ «አንቱ ስትለኝ ጉልበቴን ያመኛል» ብላ ከለከለችኝ። ስለዚህ እትዬ እያልኩ አንቺ እላታለሁ።

ሐምሌ ውስጥ ለሻደይ በዓል ስንለማመድ መሐል ዘፈን ላይ ቀጥ አለች።

«አልሰማም» አለች።

«ምኑን?»

«ራሴን ነዋ!»

ሚክሰሩ ላይ አንዱን ቁልፍ ያዞርኩ መሰልኩ። የሙያችን ትልቁ ምስጢር ይሄ ነው፤ ከምንም ያልተያያዘ ቁልፍ አዙረህ «አሁንስ?» ስትለው አብዛኛው ዘፋኝ «አሁን ገና!» ይልሃል። እትዬ ግን ተንበርክካ ጆሮዋን ሳጥኑ ላይ ለጠፈች።

«ውስጡ የሆነ ነገር ይንኮሻኮሻል» አለች።

ፊቱን የሸፈነውን የብረት ወንፊት ስፈታው አይጥ ዘላ ወጣች። በሳጥኑ የአየር ቀዳዳ ገብታ እየተርገበገበ ድምፅ የሚሰጠውን የስፒከሩን ወረቀት ጨርሳዋለች፤ የተረፈውን ደግሞ ከእትዬ የግጥም ደብተር ከተገነጠለ ቅጠል ጋር ቀላቅላ ጎጆ ሠርታበታለች። ስፒከሩ ከሞተ ስንት ጊዜ እንደሆነው እኔም አላውቅም። እትዬ ጎጆውን በጣቷ እያነሳች አየችው።

«ለመሆኑ ስንት መድረክ ነው ለአይጥ የዘፈንኩት?»

በማግስቱ አዲስ አበባ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ጋ ደወልኩ። የስፒከሩን ስፋትና የብሎን ቀዳዳዎቹን ብዛት ነገርኩት።

«እሱማ ቀርቷል» አለኝ። «አዲሱን ከነሳጥኑ ውሰድ።»

«እኔ የምፈልገው ስፒከሩን ብቻ ነው።»

«ወንድሜ፣ አንተ የአያትህን ጥርስ ነው የምትፈልገው» ብሎ ሳቀ። እንዲያም ሆኖ ሲፈላልግ ሰንብቶ በስፋቱ ልክ የሆነ አንድ ስፒከር በአውቶቡስ ላከልኝ። ገጠምኩት። የመኪና ቤዝ ነው ለካ! ድም ድም ከማለት በቀር የሰው ድምፅ አይወጣለትም። እትዬ ትንሽ ሞክራ «ጎርፍ የወሰደኝ ነው የሚመስለው» አለችና ማይኩን አስቀመጠች።

ቀጥሎ ገበያው ዳር ወዳለው ጫማ ሰፊ ሄድኩ። በመንደሩ ያልሰፋው ነገር የለም፤ ጫማም፣ ኳስም፣ ኮርቻም። የተበላውን ወረቀት አገላብጦ አየና በስስ ቆዳ ሞልቶ፣ በማስቲሽ አጣብቆ፣ ጠርዙን እንደ ጫማ አፍ ክፍፍ አድርጎ አስረከበኝ። ሥራው እጅግ ያምር ነበር። ድምፅም ሰጠ። እትዬ ሁለት ስንኝ ዘፍና ቆመች።

«ይሄ እኔ አይደለሁም» አለች። «ይሄ ጫማ ነው።»

ተስፋ ቆርጬ ሳለሁ እትዬ ለማኅበር ደሃና ሄዳ ተመለሰች። ልምምድ ቤት ገና ከመግባቷ «ሳጥንህን አገኘሁት» አለችኝ።

«የቱን ሳጥን?»

«ያንኑ ሞኒተርህን። ቁርጥ እሱን ነው። ዳዊት ተዘርግቶበታል።»

አላመንኳትም። እትዬ አንድ ጊዜ የወፍጮ ሞተር አይታ «ጄኔሬተር ነው፣ ግዙት» ብላ ቡድኑን አስጉዛዋለች። ግን ሌላ መንገድ ስላልነበረኝ መፍቻዬን ይዤ ተከተልኳት። በሚኒባስ የደሃናዋ ከተማ አምደወርቅ ደረስን፤ ከዚያ በእግር ጭቃውን እያቦካን ዳገቱን ተያያዝነው። እሷ ፊት ፊት ትሄዳለች፣ እኔ ኋላ አለከልካለሁ። ስደርስባት «ቁልፍ ማዞር ሳንባ አያጠነክርም» ትለኛለች።

የደብሩ መምህር የኔታ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ ካለችው ጎጇቸው ደጃፍ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ላይ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ነገር አለ፤ በላዩ ትልቅ የብራና ዳዊት ተከፍቷል። ተሳልሜ ጨርቁን ጫፉን ገለጥ አደረግኩ። እትዬ አልተሳሳተችም። የእኛው ሞኒተር መንትያ፣ ጭረት እንኳ የሌለበት፣ አትሮንስ ሆኖ ተቀምጧል። ፊቱ ሰያፍ ስለሆነ መጽሐፍ ለማንበብ እንደ እሱ የሚመች የለም። ከዓመታት በፊት የተዘጋ የወጣቶች ክበብ ዕቃውን ሲበትን ለደብሩ የሰጠው ነው አሉን።

«የኔታ፣ ይሄ የድምፅ ዕቃ መሆኑን ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«አውቃለሁ ልጄ። ግን እኔ ጋ ከመጣ አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም። ዝምታውን ወድጄለት ነው።»

እትዬ በኽምጥኛ ነገሩን አስረዳቻቸው። ሁሉንም ባልሰማም የአይጧ ጉዳይ መነሳቱን ከየኔታ ሳቅ አወቅኩ። ሳጥኑ እንደሚቀርላቸው፣ የምንወስደው የውስጡን ብቻ መሆኑን ስነግራቸው ፈቀዱ። ወንፊቱን ፈትቼ ስፒከሩን አወጣሁ። ወረቀቱ ደህና ነው፣ ጠርዙም አልተሰነጠቀም። መሥራቱን ለማወቅ ከእጅ ባትሪዬ አንድ ድንጋይ አውጥቼ በሁለት ሽቦ ነካ አደረግኩት። ወረቀቱ ብድግ ብሎ «ቷ» አለ።

የኔታ ጎንበስ አሉ። «እስቲ ድገመው።»

ደገምኩት። «ቷ።»

«ይኼን ሁሉ ጊዜ በላዩ ስደግምበት፣ በሕይወት ነበር ማለት ነው?»

«አዎ፣ የኔታ።»

«እንግዲህ ዳዊቱን ሳይሸመድደው አልቀረም» አሉ፣ እየሳቁ።

ወንፊቱንና ጨርቁን መለስኩና ዳዊቱን ራሳቸው አስቀመጡት። እጃቸውን ሲያነሱ ሳጥኑ ወደ ፊት ተደፋ። እትዬ ዘላ መጽሐፉን መሬት ሳይነካ ቀለበችው። ለካ ሳጥኑን አጽንቶ ያኖረው የስፒከሩ ማግኔት ክብደት ኖሯል። የኔታ መጽሐፉን ከእትዬ ተቀብለው ተሳለሙትና ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ድምፁን ውሰድ አልኩ እንጂ ክብደቱን ውሰድ አላልኩም።»

በስፒከሩ ልክ የሚመዝን ድንጋይ ፍለጋ ገባሁ። ያመጣሁትን ሁሉ የኔታ በአንድ እጃቸው እሱን፣ በሌላው ስፒከሩን ይዘው ይመዝናሉ። የመጀመሪያውን «ይቀላል» አሉ። ሁለተኛው «ማዕዘን አለው፣ ሳጥኑን ይወጋዋል» ተባለ። ሦስተኛውን ከወንዙ ዳር ድረስ ወርጄ ተሸክሜ ሳመጣ በቀዳዳው አልገባም አለ። እትዬ ጥላ ሥር ተቀምጣ «አይዞህ፣ አገሩ እንደሆነ ድንጋይ አይቸግረውም» ትለኛለች። አራተኛው ተስማማቸው። እንዳይንኳኳ ዙሪያውን ጭድ ጠቅጥቄ ዘጋሁት። የኔታ ዳዊቱን ዘርግተው ሳጥኑን ወዘወዙት። ንቅንቅ አላለም። መረቁንና ወጣን።

ቁልቁለቱን ስንጀምር ዝናቡ ወረደ። የዝናብ ልብስ የነበረኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። ለእትዬ ልሰጣት ሳወልቅ ተቀብላኝ ስፒከሩን ጠቀለለችበት።

«አንቺስ?» አልኳት።

«እኔ ብረጥብ እደርቃለሁ። እሱ ከረጠበ ግን እንደገና ጫማ ሰፊ ጋ ልትወስደኝ ነው።»

አምደወርቅ ስንደርስ ከሦስታችን ደረቅ የነበረው ስፒከሩ ብቻ ነው።

ሰቆጣ ገብቼ ገጠምኩት። የአየር ቀዳዳውንም በወንፊት ሽቦ ደፈንኩት። በልምምድ ቀናት መብራት ስለጠፋ እትዬ በሞኒተሩ ሳትሞክር የሻደይ ቀን ደረሰ። ሜዳው በልጃገረዶች ከበሮ ተናውጧል። መድረክ ወጣችና የመጀመሪያዋን ስንኝ አለች። ወዲያው ፊቷ ተለዋወጠ። ደስታ ነው ብዬ ከሚክሰሩ ኋላ አውራ ጣቴን አሳየኋት። እሷ ግን ዘፈኑን ሳታቋርጥ ሞኒተሩን ቀንሰው ለማለት በእጇ ወደ ታች፣ ወደ ታች ትለኛለች።

ከመድረክ እንደወረደች ቀጥታ ወደ እኔ መጣች።

«ይኼን ሁሉ ጊዜ እንዲህ ነበር የምዘፍነው?»

«እንዴት?»

«ከፍታው ላይ ስደርስ ከቅኝቱ እየሸሸሁ። ስትሰማ ነበር አይደል?»

ሰምቼ ነበር። ከአንድ ዓመት ወዲህ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ድምፅዋ ከክራሩ ዝቅ ይል እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን፤ የሚነግራት ግን ጠፍቷል። ካልነገሯት አንዱ እኔ ነበርኩ።

«አንተ እኮ ወንድሜ ነህ ብዬ ነበር» አለች። በዚያ ሰዓት ቀልድ አልነበረባትም። እኔም ያለ ቀልድ ይቅርታ ጠየቅኳት።

ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን ከሁላችንም ቀድማ ልምምድ ቤት ተገኘች። ክራር መቺያችንን ቅኝቱን አንድ ደረጃ ዝቅ እንዲያደርግላት አዘዘችው፤ ሞኒተሩን ወደ እግሯ ሳበችና ያቺኑ አንድ ስንኝ ስትደጋግም አረፈደች። ስትሳሳት ራሷ ሰምታ ራሷን ትሰድባለች፤ እኔ አረፍኩ። ቁልፍ ያዞርኩ መምሰልም አከተመ፤ የትኛውን እንደነካሁ ከመድረክ ላይ ትነግረኛለች።

በኅዳር ከሰቆጣ አጠገብ ወዳለችው ዝቋላ ሄደን ስንጫወት አንድ ሽማግሌ ከሕዝቡ መሐል ወጥተው ግንባሯን ስመው ድምፅዋ ወደ ልጅነቷ መመለሱን ነገሯት።

«ማር ነው አባ» አለቻቸው። «ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዴ የሰቆጣ ነጭ ማር እልሳለሁ።»

እኔ ገመዴን እየጠቀለልኩ ነበር። ወደ እኔ ዞር ብላ «አይደል እንዴ?» አለችኝ።

«ልክ ነው፣ ማሩ ነው» አልኩ።