ሁለተኛው ጉርሻ

ዓይኔን የሸፈኑበትን ጨርቅ ሲፈቱልኝ በመጀመሪያ ያየሁት በሲሚንቶው ወለል ላይ የደረቀ የሞተር ዘይት ነበር። ክፍሉ ከመወረሱ በፊት የአንድ ቪላ ጋራዥ ነበር፤ አሁን ጉልበታቸውን ታቅፈው የተቀመጡ እስረኞች ሞልተውታል። የብረት በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ ዘመኑ ደርግ፣ ሰዓቱ ማለዳ ነበር። በተጣጠፈ ብርድ ልብስ ላይ የተቀመጠ ወፍራም ሰው በእጁ ቦታ አመለከተኝ።

«እንኳን ደህና መጡ አይባል ነገር! ይቀመጡ።»

የክፍሉ ካቦ፣ ማለትም የእስረኞቹ አለቃ፣ እርሱ ነበር። ከመታሰሩ በፊት ወሎ ሰፈር የመኪና መለዋወጫ ይሸጥ ነበር።

«ሥራዎ ምንድን ነው?»

«የአየር ኃይል ሻምበል ነኝ። የቦምብ ጣይ አውሮፕላን ናቪጌተር።»

«እርሱ ደግሞ ምን የሚሉት ነው?»

«አውሮፕላኑ የት እንዳለና ወዴት መሄድ እንዳለበት ለአብራሪው የሚነግር ሰው ነው።»

«እሰይ! ሁላችንም ዓይናችን ታስሮ ነው የመጣነው። እስቲ የት እንዳለን ይንገሩን።»

ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ያጠናሁ ሰው ነኝና የተጠየቅሁትን ጥያቄ ሳልመልስ መተው አይሆንልኝም። ጥቂት እንዲታገሡኝ ለመንኋቸው። የፀሐይ ብርሃን በበሩ ስንጥቅ ገብቶ ወለሉ ላይ አርፏል። ቆይቶ አንድ ጄት እያጓራ ሲያርፍ ሰማን።

«በሩ ወደ ምሥራቅ ነው» አልሁ። «አውሮፕላኑ ያረፈው በስተደቡባችን ነው፤ ድምፁም ሩቅ አይደለም። ስለዚህ ከኤርፖርቱ በላይ፣ ወደ ገርጂ ጠጋ ብለን ነው ያለነው።»

«በሉ እንግዲህ፣ ሲፈቱኝ ታክሲ አያስፈልገኝም» አለ ካቦው።

ያልሳቀ አንድ ሰው ነበር። ከጅጅጋ ወዲያ የመጣ፣ ቀጭን፣ ጢሙን በሂና ያቀላ የግመል ነጋዴ ነው።

«ቦምብ ጣይ ነው ያልከው?»

«አዎ።»

ጀርባውን ሰጠኝ።

በክፍሉ ሥርዓት ከየቤቱ የሚላከው ስንቅ በአንድ ሰፊ ትሪ ላይ ይደባለቃል፤ ጠያቂ ያለውም የሌለውም እኩል ይበላል። ነጋዴው እኔ ከመጣሁ ወዲህ ድርሻውን አንሥቶ ወደ ግድግዳው ዞሮ መብላት ጀመረ። ካቦው «ይተዉት፣ ይለምድዎታል» ቢለኝም ሰውየው አልለመደኝም። ማንም ባይወቅሰኝም ያ ጀርባ ከእስሩ ይልቅ ከበደኝ።

አንድ ቀን ከምሳ በፊት ለምርመራ ተጠራሁ። የምርመራው ክፍል የቪላው ወጥ ቤት ሲሆን፣ ከጋራዡ የሚለየው የሳንቃ በር ብቻ ነበር። በወጥ ቤቱ የሚባለው ሁሉ ጋራዥ ውስጥ ይሰማል። ጠረጴዛው ላይ ከቤቴ በፍተሻ የወሰዷቸው ሁለት የጀግንነት ሜዳዮቼ ተቀምጠዋል። መርማሪው በዕድሜ የሚያንሰኝ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነበር።

«ይህን የተሸለምኸው የተመታ አውሮፕላን መርተህ ስላስመለስህ ነው» አለኝ አንደኛውን በጣቱ እየነካ። «በዚያ ቀን ግን ቦምቡ የወደቀው ባዶ ሜዳ ላይ ነው። አብራሪው ሆን ብሎ እንደጣለው ብቻ መስክር። ሁለቱንም ይዘህ ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ።»

አብራሪው አለቃዬና ወዳጄ ነበር፤ በሤራ ተጠርጥሮ ሌላ ቦታ ታስሯል። ያቺ አንዲት የምስክርነት ቃል ለሞቱ እንደምትበቃ እኔም መርማሪውም እናውቃለን። መርማሪው ግን ብዙ የምድር ሰው የሚሳሳተውን ተሳስቶ ነበር፤ የሚያበርረው ሁሉ የሚጥል ይመስለዋል።

«አብራሪው ቦምብ አይጥልም» አልሁት።

«ምን?»

«በእኛ አውሮፕላን አብራሪው ከመቀመጫው ሆኖ እታች ያለውን አያይም። ከፊት ባለው መስታወት ላይ በደረቱ ተኝቶ የሚያነጣጥረው፣ ቁልፉንም የሚጫነው ናቪጌተሩ ነው። ከጅጅጋ ወዲያ፣ ዒላማ ነው ከተባልነው ቦታ ስንደርስ ደመናው ተከፈተ። ግመሎችና ሰዎች የውኃ ጉድጓድ ከበው አየሁ፤ ቁልፉን አልተጫንሁም። ወዲያው ተመታን፣ አንድ ሞተር ጠፋ፤ ለመመለስ ክብደት መቀነስ ግድ ሆነ። ሰው የሌለበትን ሜዳ መርጬ የጣልሁት እኔ ነኝ።»

«ይህ ቃል ምን እንደሚያመጣብህ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። እባክዎ ‹አብራሪው› የሚለውን ሠርዘው ‹ናቪጌተሩ› ብለው ይጻፉ።»

ብዕሩን አነሣ። ከዚያም ሠረዘው። ሜዳዮቹን ጠርጎ መሳቢያ ውስጥ ከተታቸው።

ወደ ጋራዡ መለሱኝ። ትሪው መካከል ላይ ተቀምጧል፤ ማንም አልነካውም። እነዚያ የተራቡ ሰዎች ሳይበሉ ጠብቀውኛል። ነጋዴው ፊቱን ወደ ትሪው አዙሮ ተቀምጧል።

«ጉድጓዱ ላይ ሴቶች ነበሩ?» አለኝ።

«ከዚያ ከፍታ ሴትና ወንድ አይለይም። የለየሁት ግመሎቹን ነው።»

«ሌላ ቀንስ?»

በግማሽ እውነት ልመልስለት እችል ነበር።

«ሌላ ቀን ጥያለሁ። ሁለተኛው ሜዳይ የተሰጠኝ ለዚያ ነው።»

«ታች ማን ነበር?»

«ወታደሮች ናቸው ተብለናል። እኔ ያየሁት ጭስ ነው።»

ወደ ትሪው ጠጋ አለ። ከዚያም እንጀራውን በሽሮው ጠቅልሎ እጁን ወደ አፌ ዘረጋ። ጎረስሁ።

«ኧረ አንድ ጉርሻ ያጣላል! ድገመው እንጂ!» አለ ካቦው ደስ ብሎት።

ነጋዴው እጁን ጠረገ።

«አንዱ ለጉድጓዱ ነው። ሁለተኛው ይቆይ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእኔ ጋር በአንድ ትሪ በላ። ሁለተኛውን ጉርሻ ግን አልሰጠኝም። አንድ ጠዋት «ዕቃህን ይዘህ ውጣ» ተባለ። ሁላችንንም ጨበጠን፤ የእኔን እጅ ጥቂት አቆየው። ቤቱ ይግባ ወይም ሌላ ቦታ ይውሰዱት፣ እስከ ዛሬ ለማወቅ አልቻልሁም።

እኔና አብራሪው ከብዙ መጉላላት በኋላ በሕይወት ወጣን። አሁንም በየበዓሉ ይደውልልኛል፤ ስልኩን እንዳነሣሁ አየር ላይ ይጠይቀኝ የነበረውን ይጠይቀኛል፦ «የት ነን?» እኔም ቦሌ ቡልቡላ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ መሆኔን እነግረዋለሁ። ይህን ለመባባል መኖራችንን ሳስብ ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ። ሳይበሉ የጠበቁኝንም ሰዎች አመሰግናለሁ። ያን ነጋዴ ስላጎረሰኝ አመሰግነዋለሁ፤ ሁለተኛውን ስላስቀረብኝም እንዲሁ። ሚዛን የሚያውቅ ሰው ነበር።

ቪላው ፈርሶ በቦታው ባለ መስታወት ሕንፃ ቆሟል። በሚኒባስ ወደ ኢምፔሪያል ስሄድ አየዋለሁ። ሜዳዮቹ መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ተመልሰውልኛል። ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ ከመሳቢያ አውጥታ ሁለቱንም ፍሬም ውስጥ ላስገባቸው አለችኝ። አንዱን ሰጠኋት።

«አባባ፣ ይኼኛውስ?»

«ሁለተኛው ይቆይ» አልኋትና መሳቢያውን ዘጋሁ።