እትዬ ጫልቱ ባሕር ያዩ ዕለት

ይህ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። መቱ ውስጥ የመሬት ካርታ ባለሙያ ነኝ። በሳተላይት ምስል የቡና መሬትና የደን ወሰን ስለይ እውላለሁ። በሥራዬ ብዙ ባለጉዳይ አስተናግጃለሁ፤ አንድ ቀን የመጡትን እናት ግን ልረሳቸው አልቻልኩም።

እትዬ ጫልቱ ዳሪሙ ወረዳ የሚኖሩ የእናቴ ወዳጅ ናቸው። የመጨረሻ ልጃቸው ገመቹ ወደ ዐረብ አገር ለመሻገር ከጂቡቲ በጀልባ ተሳፍሮ ነበር። ጀልባዋ ከዳርቻው ሳትርቅ ሰጠመች። አብሮት የሄደው የሰፈራቸው ልጅ ተርፎ መርዶውን በስልክ ተናገረ። እትዬ ጫልቱ ግን ለቅሶ አልቀመጥም አሉ።

«ልጄ ወንዝ ውስጥ ሲዋኝ ነው ያደገው። አንድ ቦታ ወጥቶ ይሆናል» እያሉ ሊያጽናና የመጣውን ሁሉ ይመልሱ ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ቢሮዬ መጡ። ጫማቸው ጭቃ በጭቃ ሆኗል።

«ልጄ፣ ከሰማይ የተነሳ ፎቶ ታያለህ አሉኝ። እስቲ ባሕሩን አሳየኝ።»

የተረፈው ልጅ ከውሃ የወጣበትን ቦታ ሎኬሽን ልኮልኝ ስለነበር ምስሉን ከፈትኩላቸው። ባሕር አይተው አያውቁም።

«ይህ ሰማያዊው ሁሉ ውሃ ነው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ማዶው የታለ?»

ምስሉን ብገፋው፣ ብገፋው ውሃ ብቻ ሆነ። ወደ ዳርቻው መለስኩት። እዚያ ውሃው ጥልቀት ስለሌለው ፈዛዛ አረንጓዴ ነው። መሐሉ ላይ ቡናማ ነገር ተጋድሟል።

«ይሄስ?»

«ኮራል ይባላል። ውሃ ውስጥ ያለ አለት ነው። ጀልባዋ የተጋጨችው ከእሱ ጋር ሳይሆን አይቀርም።»

«ከሱ እስከ መሬቱ ምን ያህል ይርቃል?»

ለካሁት። «ከዚህ እስከ ገበያው ቢሆን ነው» አልኳቸው።

«ይህችን እኮ ይዋኛታል!» ወንበራቸውን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠጉ። «አጉላው!»

አሸዋው ላይ ልጃቸውን መፈለግ ጀመሩ።

«ይሄ ሰው ነው?»

«ቁጥቋጦ ነው፣ እትዬ።»

«ይሄስ?»

«ድንጋይ ነው።»

ከዚህ በላይ መቀጠል አልቻልኩም። «እትዬ ጫልቱ፣ ይህ ምስል የተነሳው ገመቹ ከአገር ሳይወጣ በፊት ነው» አልኳቸው።

እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አደረጉ።

«ታዲያ ያኔ ልጄ እቤት ነበራ?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ቤቴን አሳየኝ። የዚያን ጊዜውን።»

ዳሪሙን በዚያው ሰሞን የተነሳ ምስል ፈልጌ አገኘሁ። መንገዱን ተከትዬ በቡናው መሐል ወዳለው የቆርቆሮ ጣሪያ ደረስኩ። ከጓሮ ባለው የማንጎ ዛፍ ወዲያው ለዩት። ጣታቸውን ጣሪያው ላይ አሳረፉ።

«ኢልመ ኮ» አሉ በኦሮምኛ። ልጄ ማለታቸው ነው። «እዚህ ውስጥ ነው ያለው።»

ያን ጊዜ ጮኸው አለቀሱ። መርዶው ከተነገራቸው ጀምሮ አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣቸውም ነበር። የሥራ ባልደረቦቼ ደንግጠው መጡ። እኔም አብሬ አለቀስኩ።

ትንሽ ረጋ ሲሉ ፊታቸውን በነጠላቸው ጠርገው ተነሱ። «በል ልሂድ፤ ለቅሶዬን ልቀመጥ» አሉኝ።

በማግስቱ ከእናቴ ጋር ዳሪሙ ሄድን። ድንኳን ተጥሏል። የሚቀበር ሬሳ የለም፤ እትዬ ጫልቱ የገመቹን ጃኬት አቅፈው ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ እጄን ያዙና «መሬቷ ቅርብ ነበረች፤ በጣም ቅርብ ነበረች» አሉኝ።

እናቴ ደግ አደረግህ፣ እርማቸውን አወጡ ትለኛለች። እኔ ግን ያቺን የቀረቻቸውን ተስፋ በእጄ የነጠቅኋቸው ይመስለኛል። ሥራዬ ስለሆነ ዛሬም ዳሪሙን በሳተላይት አያለሁ። እዚያ ቤት ላይ ስደርስ ግን ምስሉን ቶሎ አሳልፈዋለሁ።