ፋብሪካው በር ላይ የዘመረችው ሰናይት

ከጠዋት ጀምሮ ስልኳ ላይ እየደወልኩ ነው። ይጠራል። እንደማታነሳው ነግረውኛል፤ ግን እደውላለሁ።

ሰናይት ሞተች አሉኝ። ሰኒ! የካንሳንጋ ሰፈሯ ልብስ ሰፊ፣ የኳየራችን መሪ። ሳንባዋ ነው አሉ። ያ ሁሉ ትንፋሽ የት ሄደ?

ለማታውቋት ልንገራችሁ። ሰኒ እዚህ ኡጋንዳ የኖረች ኤርትራዊት ናት። ቅዳሜ ከሰዓት የስፌት ማሽኖቿን ወደ ግድግዳ ገፋ አድርጋ ሱቋን ትለቅልን ነበር። ሐበሻው፣ ኡጋንዳዊው፣ ክርስቲያኑ፣ ሙስሊሙ፣ ሃያ ምናምን ሰው ተጠጋግተን እንዘምራለን። ከቤቱ ስለተባረረ ሰው፣ ያለ ፍርድ ስለታሰረ ሰው። አማርኛው፣ ትግርኛው፣ ሉጋንዳው ይቀላቀላል።

እኔ ከቡጎሎቢ ሰፈር በታክሲ የምመላለስ የቢሮ ሰው ነኝ። የመጀመሪያ ቀን ድምፄ ሲርድብኝ አፍሬ ዝም አልኩ። ሰኒ ዝምታዬን ሰማችው።

«ይንቀጥቀጥ! ይውጣ ብቻ!» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ለስንቱ ፈሪ ይህንኑ ስትል ሰማኋት።

አብራን የምትዘምረው ጄን ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ባለ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራ ነበር። ሠራተኛ እንዳይወጣ ተብሎ በሥራ ሰዓት በሩ ከውጭ ይቆለፋል። አንድ ቀን ሽቦ ተቃጠለና ክፍሉ በጭስ ተሞላ። ቁልፉን የያዘው ሰውዬ ምሳ ወጥቷል። እስኪመጣ ድረስ ሴቶቹ በሩን ሲደበድቡ ቆዩ። ሰው አልሞተም፤ ጄንን ግን በሸክም ነው ያወጧት። በማግስቱ «ለምን ይቆለፍብናል?» ብላ ብትጠይቅ አባረሯት።

«እንሂድና በሩ ላይ እንዘምር» አለች ሰኒ።

ሁላችንም ተያየን። የዚያን ፋብሪካ ዩኒፎርም የምትሰፋው እሷ ነበረች። የሱቋ ትልቁ ሥራ እሱ ነው።

«ሰኒ፣ ሥራሽስ?» አልኳት።

«ጄን ከጭሱ ስትወጣ የለበሰችው እኔ የሰፋሁትን ነው። ምን ብዬ ዝም ልበል?»

ሄድን። በምሳ ሰዓት፣ በዚያ ፀሐይ፣ በሩ ፊት ለፊት ቆመን ጀመርን። ዘበኛው ዱላውን ይዞ መጣ። ሰኒ መዝሙሩን ሳታቋርጥ፣ በእጇ እየመራችን፣ ፈገግ አለችለት። ሰውዬው ቆሞ ሰማ። ቆየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ማዳም፣ ላባርራችሁ ታዝዣለሁ። ይቺን ግን ጨርሷት» አላት።

ጨረስናት። ግን የመጨረሻውን ስንኝ አምስት ጊዜ አስደገመችን!

በየሳምንቱ ተመላለስን። ውስጥ ያሉት ሴቶች በመስኮት ሆነው መዝሙሩን መቀበል ጀመሩ። በአራተኛው ሳምንት ያ ቁልፍ ተነሳ፤ ከውስጥ የሚከፈት በር ተገጠመ። ጄንም ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

የሰኒ የዩኒፎርም ሥራ ግን በዚያው ቀረ። አንዱን ማሽኗን ሸጠች። ሲወስዱባት አለቀሰች፤ ጀግና ነበረች ብዬ ይህን አልደብቅም። ከዚያ ፊቷን ታጥባ መጣችና «በሉ እንግዲህ፣ ለቅዳሜ ሰፊ ቦታ አገኘን» አለችን።

ሰኒዬ፣ ሆስፒታል መጥቼ ሳልጠይቅሽ መቅረቴን ይቅር በይኝ። በስልክ «ቀላል ነው፣ ሰኞ እወጣለሁ» ስትይኝ አመንኩሽ። ሥራ በዛብኝ አልኩ። ሥራ መቼ አልቆ ያውቃል?

እዚህ ከተማ ስንት ዓመት በስደተኛ ወረቀት ኖርሽ። በየዓመቱ ተሰልፈሽ፣ ተጠይቀሽ፣ ነገ ተመለሽ ተብለሽ። ነገ የምታርፊበት መሬት ግን ከየት መጣሽ አይልሽም።

ደህና ሁኚ እህቴ። እንደ አገርሽ ቆጥረሽ እረፊበት።