ጣሳው ኪሎ አይሞላም

ሐይቅ ከተማ ከሚኒባስ ስወርድ የዓሣ ሽታ ሲቀበለኝ፣ እናቴ ዱቄት ይዛ ዓሣ ሻጭ ዘንድ የሄደችበት ቀን ትዝ ይለኛል። የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ።

ዳቦ ያዘዛት ባለ ሻይ ቤት ለአንድ ኪሎ ዱቄት የሚበቃውን ውኃ ነግሯት፣ "ጣሳሽ ልክ ኪሎ ነው፤ በእሱ ስፈሪ" አላት። እንዳላት ሰፈረች። ሊጡ ቀጠነ፤ ዳቦው እንደ ቂጣ ተኛ። ሰውዬው በደንበኞቹ ፊት፣ "አንቺ ዳቦ አትችይም!" ብሎ መለሰባት።

እናቴ አላለቀሰችም። በጣሳው የተነፋ ዱቄት ሞልታ፣ እጄን ይዛ ወደ ሐይቁ ዳር ወረደች። ዓሣ ሻጩ ሰይድ ሚዛኑን ጠርጎ መዘነላት።

"ዘይነባ፣ ይሄ ከግማሽ ኪሎ ብዙም አይበልጥ። የተነፋ ዱቄት ስትሰፍሪ እኮ ነፋሱንም አብረሽ ነው የምትሰፍሪው።"

እኔ ነፋሱን ላይ ብዬ ጣሳው ውስጥ አጮለቅሁ።

"ወላሂ፣ ጥፋቱ የእጄ አይደለም!" አለች እናቴ።

በማግስቱ አንድ ኪሎ ዱቄት በሚዛን አስለክታ ጋገረች። ዳቦው ኩፍ አለ። ወስዳ ብታቀምሰው ባለ ሻይ ቤቱ፣ "በይ ነገም አምጪ" አላት።

"ላንተ አይደለም" አለችውና ከሻይ ቤቱ ፊት ለፊት ቅርጫቷን አስቀመጠች።

ዛሬም እዚያው ትሸጣለች። የሻይ ቤቱ ደንበኞች ዳቦ ሲያምራቸው መንገዱን ይሻገራሉ።